ግብርና የአገር የጀርባ አጥንት ከሆነ የአባቴ ወገብ ለምን ጎበጠ?

የቢልቢሎው ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ተወልጄ ያደግኩት አርሲ፣ ቦቆጂ አጠገብ ነው። ቦቆጂ ሲባል ሁሉም ሰው የሚታየው ሯጭ ነው። እኔ ግን የሮጥኩት ከገብስ ማሳ ውስጥ ከብት ለማስወጣት ብቻ ነው። አሁን አዲስ አበባ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አባቴ ዛሬም ያርሳል። ሁለት ሄክታር የማትሞላ መሬት አለችው። ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ እያፈራረቀ ይዘራባታል።

ተማሪ እያለሁ «ግብርና የኢኮኖሚያችን የጀርባ አጥንት ነው» ብዬ በየፈተናው ጽፌ ማርክ ሰብስቤያለሁ። ባለፈው ገና አገር ቤት ስገባ አባቴ ወገቡን በነጠላ ጠፍሮ ደጅ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ያቺ ዓረፍተ ነገር ትዝ ብላኝ ሳቄ መጣ። ለምን እንደሳቅኩ አልነገርኩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ከአንድ ሄክታር 18 ኩንታል ስንዴ ያስገባ ሰው ጎረቤት ሁሉ ያወራለት ነበር። አምና አባቴ 41 አስገባ። ድሮ በማጭድ ታጭዶ፣ በበሬ ተወቅቶ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ዛሬ ኮምባይነር ገብቶ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ምርቱ ከእጥፍ በላይ ሆኗል ማለት ነው። ኑሮው ግን እጥፍ አልሆነም። የሳር ቤቱ ቆርቆሮ ሆነ፣ ሶላር ገባ፣ ስልክ ተገዛ። እዚያ ላይ ቆመ። ማዳበሪያ ገዝቶ፣ ለኮምባይነር ከፍሎ፣ የፀረ አረም ዕዳ ዘግቶ የተረፈውን እኔ በወረቀት ሠራሁለት፤ ሥራዬ ነውና። ውጤቱን ሳየው ምንም ሳልናገር ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

አሁን ደግሞ ታናሽ ወንድሜ አለ። 12ኛን ተፈትኖ ውጤት አልመጣለትም። አባቴ «ግማሹን መሬት ልስጠውና ጎጆ ይውጣ» ይላል። እኔ ትንሽ የቆጠብኳት ብር አለች። ልርዳው ብል በምን ልርዳው?

እና ጥያቄዬ፦ ግብርና አገር ያሳድጋል ሲባል በየት በኩል ነው የሚያሳድገው? ወንድሜንስ «እዚያው ሁን» ልበለው ወይስ «ና»? የፖለቲካ ንትርክ አልፈልግም፤ እሱ ሌላው ቦታ ሞልቷል።


ሰላም ከአራት ኪሎ፦

የማጠናው ኢኮኖሚክስ ነው፤ ደረቅ ካልኩ ይቅርታ። በአገራችን ከሠራተኛው ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው እርሻ ላይ ነው። ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ግን የግብርናው ድርሻ ሲሶ ገደማ ነው። ሒሳብ ሠራተኛ አይደለህ? አካፍለው። እርሻ ላይ ያለ አንድ ሰው የሚያወጣው፣ ሌላ ሥራ ላይ ያለው ሰው ከሚያወጣው ሩቡን ያህል ነው። አባትህ ሰንፈው አይደለም። አንዲት መሬት ላይ ብዙ ሰው ተደራርቦ ነው። ያቺን መሬት ደግሞ ለሁለት ከከፈላችኋት ወንድምህ ሩቡንም አያገኛትም።

ያደጉትን አገሮች ተመልከት። ሁሉም ጋ ግብርናው ራሱ እያደገ፣ ድርሻው ግን እያነሰ ነው የሄደው። ቻይና እንደ ፈረንጆቹ ከ1978 በኋላ መጀመሪያ ገበሬው በየቤቱ እንዲያርስና ትርፉን እንዲሸጥ ለቀቀችው። ምርት ዘለለ። ከዚያ የገበሬው ልጅ ፋብሪካ ገባ። ትልቁ እድገት የመጣው በዚህ በኋለኛው ነው። ስለዚህ የኔ መልስ አጭር ነው፦ ወንድምህ ይውጣ።


ጅማቴ፦

ሰላምዬ፣ «ይውጣ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። የት ይውጣ? የኛ ሰፈር ልጆች ወጥተው ዓረብ አገር ናቸው። አንዱ አብሮ አደጌ «እርሻ ሰለቸኝ» ብሎ ሄዶ አሁን ሪያድ አካባቢ ፍየል ይጠብቃል። ፎቶውን ልኮልኝ ነበር። ፍየሎቹ ያምራሉ።


ጡረተኛው ልማት፦

ልጄ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ 31 ዓመት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነበርኩ። አብዛኛው ዘመኔ ያለቀው አርሲ ውስጥ ነው፤ ወረዳህንም በእግሬም በሞተርም አውቀዋለሁ። ትምህርቴ ሰርተፍኬት ነው፣ እንደ ሰላም ሒሳብ አልችልበትም። ያየሁትን ልንገርህ።

መጀመሪያ አንድ የቆየ ነገር። አሰላ ሄደህ ሽማግሌ ብትጠይቅ «ካዱ» ይሉሃል። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ስዊድኖች ከንጉሡ መንግሥት ጋር የጀመሩት የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ነው። ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ ብድር፣ የተዳቀለች ላም ይዞ መጣ። ሐሳቡ ትንሹን ገበሬ ማሳደግ ነበር። ምርቱ እውነትም አደገ። ታዲያ ምን ሆነ መሰለህ? ባለመሬቱ መሬቱ ገንዘብ እንደሚያወጣ ሲያይ ትራክተር አመጣና ጭሰኛውን አስነሳው። ስንዴው ከፍ አለ፣ ስንዴውን ያበቀለው ሰው ሜዳ ላይ ወደቀ። መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ የታወጀው ከዚያ በኋላ በ1967 ነው። ስለዚህ ጥያቄህ አዲስ አይደለም። አርሲ ውስጥ ምርትና የገበሬ ኑሮ ተለያይተው ሲሄዱ ከ50 ዓመት በፊትም ታይቷል።

እኔ ሥራ ስጀምር የምንለካው በኩንታል ነበር። ጡረታ ስወጣም በኩንታል ነበር። መኸር በደረሰ ቁጥር ከወረዳ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ በሄክታር ስንት? ኩንታሉ ደግሞ በእርግጥም አድጓል፣ አልክድም። በአገር ደረጃ የስንዴ ምርት በሄክታር 15 ኩንታል ገደማ ከነበረበት በ15 ዓመት ውስጥ ወደ 30 ተጠግቷል። ቀላል ነገር አይደለም። ከጀርባው ቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ላይ ፀሐይ ሲመታቸው የሚውሉ ተመራማሪዎች አሉ፣ አባትህ ዓይነት ሰዎች አሉ።

ግን ኩንታል ብቻ የሚያይ ሰው ይሳሳታል። የ2003ን መኸር አስታውሳለሁ። ያኔ ማሳው ሁሉ «ኩብሳ» በሚባል ስንዴ ነበር የተሸፈነው። ጥሩ ዘር ነው፣ ሁሉም ወደደው፣ ችግሩም እሱ ነው። ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ገባ። ዋግ የገባበት ማሳ ውስጥ ገብተህ ታውቃለህ? ቅጠሉን በጣትህ ስትነካው ቢጫ ዱቄት ይይዝሃል። አቋርጠህ ስትወጣ ሱሪህ እስከ ጉልበትህ ድረስ እርድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ከሩቅ ስታየው የደረሰ አዝመራ ነው። ዛላውን ስታሸው ግን ገለባ ነው፣ ፍሬው ኩምሽሽ ብሎ ቀርቷል። አንዲት እናት ዛላ አሽተው መዳፋቸው ላይ እፍ ሲሉት ምንም አልቀረም። መዳፋቸውን ዝም ብለው አሳዩኝ። ከዚያ እኛው ሮጠን «ዲገሉ» የሚባለውን ዘር አዳረስን፤ ቢጫ ዋግን ይችላል ተብሎ። በ2006 ደግሞ የግንድ ዋግ መጣና አርሲና ባሌ ላይ ዲገሉን መታው። አየህ፣ በየሁለት ሦስት ዓመቱ እንዲህ ከሆነ ገበሬ ትርፉን ሥራ ላይ አያውልም። ከብት ይገዛበታል ወይም ይደብቀዋል። እኔም ብሆን እደብቃለሁ።

አሁን ከሁሉ የሚቆጨኝን ልጻፍ። እዚህ ስሜ ስለማይታይ ነው።

2007 ላይ ነው። የቢራ ፋብሪካዎች ተበራክተው የቢራ ገብስ ከገበሬ በውል መግዛት ጀምረዋል። ከዚያ በፊት ከብቅሉ ብዙው ከአውሮፓ በዶላር ነበር የሚገባው፤ የአሰላው ብቅል ፋብሪካ ብቻውን ለዚያ ሁሉ ቢራ አልቻለም። እኔም 23 ገበሬ አሰባስቤ ከአንዱ ገዢ ጋር አስፈረምኩ። ዘሩ መጣ፣ ተዘራ፣ አማረ። ነሐሴ ላይ ከወረዳ «በሄክታር ስንት ትጠብቃለህ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ቁጥር አማረኝ። «ዩሪያ ድገሙ» አልኳቸው፣ ማዳበሪያውን፤ ስንዴ ላይ እንደምናደርገው። ደገሙ። ገብሱ ጠቆረ፣ ረዘመ። ታኅሣሥ ላይ 38 ኩንታል ሰጠ፣ 40ም የሰጠው አለ። ክምሩ ፊት ቆመን ፎቶ ተነሳን።

ከዚያ ገዢው መጣ። አንድ ወጣት ልጅ ከየጆንያው በሹል ብረት እየወጋ ናሙና አወጣና ወሰደ። በአራተኛው ቀን ስልክ ተደወለልኝ፦ «አንቀበልም።» ፕሮቲኑ በዝቷል። ለካ ለቢራ የሚሆን ገብስ ፕሮቲኑ ከ12 በመቶ በላይ ሲሆን ጥሩ ብቅል አይወጣውም፤ ቢራውም ይደፈርሳል። ፕሮቲኑን ያበዛው ዩሪያው ነው። ዩሪያውን ያበዛሁት እኔ ነኝ።

23ቱም ያንን የመሰለ ገብስ ቦቆጂ ገበያ ወስደው ለጠላና ለቆሎ በሚሸጥበት ዋጋ ጣሉት። አንድ ሽማግሌ አልተቆጡኝም። ትከሻዬን ይዘው «አንተ ልጅ፣ አብዝተህ አጎደልክብን» አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ወረቀት ላይ ግን ያ ዓመት የኔ ምርጥ ዓመት ነው። በሄክታር 38 ኩንታል ተብሎ ሪፖርት ሆኗል። ለዋጋ የተሰመረ ዓምድ አልነበረውም።

በዓመቱ ለምኜ ተመለስኩ። ከ23ቱ 14ቱ ብቻ እሺ አሉኝ። ዩሪያውን በልክ አደረግን። ከአጨዳ በኋላ ሳንቸኩል እርጥበቱ እስኪወርድ ጠበቅን። አበጠርን፣ ስንዴና አጃ የተቀላቀለበትን ለየን። 30 ኩንታል ገደማ ነው የሰጠው። ወረዳ «ምነው ቀነሰ?» አለኝ። ግን ሁሉም ተወሰደ፣ ብሩም ጥር ሳያልቅ እጃቸው ገባ።

በየት በኩል ያሳድጋል ላልከው፣ እኔ ያየሁት የዚያን ዓመት ጥር ቦቆጂ ላይ ነው። ቆርቆሮ ቤቱ ሚስማር አለቀበት። ጋሪ ሠሪው ሁለት ልጅ ቀጠረ። ገብስ ጫኝና አውራጅ ሆኖ የዋለ ጎረምሳ ማታ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ፓስታ ያዛል፤ ፓስታው ደግሞ ከስንዴ ነው። አንዷ ልብስ ሰፊ ለሠርግ የሚሰፋ በዝቶባት ሁለተኛ የስፌት መኪና ገዛች። ከነዚህ አንዳቸውም ገበሬ አይደሉም፣ ሁሉም ግን ከገብሱ በልተዋል። አዲስ አበባ ቢራ የሚጠጣውም ሰው ሳያውቀው ለቦቆጂ እየከፈለ ነው። ኩንታሉ ሲያድግ ይህ ሁሉ አልመጣም ነበር። የመጣው ልኩን የሚናገር ገዢ፣ በወቅቱ የሚከፍል ገዢ ሲገኝ ነው።

ስለ ወንድምህ ቆይቼ እጽፋለሁ፤ ዓይኔ ደከመ።


ሰላም ከአራት ኪሎ፦

ጋሼ፣ የዩሪያው ታሪክ ልቤን ነካው። ግን አንድ ነገር ልሞግትዎት። አንድ ወረዳ ገብስ ሸጦ ሚስማር ማለቁ አገር ማደግ አይደለም። የአገር ማነቆ ዶላር ነው። ማዳበሪያው በሙሉ ከውጭ የሚገባው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲለቀቅ የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንት እጥፍ ገደማ ሆነ። ገበሬው አንድም ነገር ሳያጠፋ ወጪው ሊንር ነው። ዶላር የሚያመጣልን ደግሞ ስንዴና ገብስ ሳይሆን ቡና ነው፤ ለብዙ ዓመታት ከወጪ ንግዳችን ሲሶ ገደማውን የያዘው እሱ ነው።


ጡረተኛው ልማት፦

ልክ ነሽ ልጄ። ቡናውን አልነካሁትም፣ አርሲ ደጋ ላይ ስለማይበቅል ነው። ግን ያልወጣ ዶላርም ዶላር ነው። ብቅሉ እዚሁ ሲሠራ ለፈረንሳይና ለቤልጅየም ይከፈል የነበረው ቀረ። በ2013 ዓ.ም. ደብረ ብርሃንና ቦሌ ለሚ ላይ ሁለት ትልልቅ የብቅል ፋብሪካዎች ሥራ ጀመሩ፤ ባለቤቶቹ ያው ብቅል ይሸጡልን የነበሩት የውጭ ኩባንያዎች ናቸው። እነሱ እንኳን ገብሱ ወዳለበት መጡ። የማዳበሪያውን ነገር ግን አልከራከርሽም። ጆንያው ከጅቡቲ እስኪደርስ ሰማይ ሰማይ ሳይ ነው ያረጀሁት። ሰኔ መግባት ያለበት ሐምሌ አጋማሽ ከገባ ሣሩን ነው የሚያፋፋው።


በረንዳው፦

እዚህ ነጋዴ የለም መሰለኝ። እኔ እህል በረንዳ ነው ያደግኩት፣ መርካቶ። ነጋዴ ሁሌ ሌባ ተደርጎ ስለሚጻፍ ከመጻፋችሁ በፊት ልቅደም።

ጋሼ «ኩንታል ብቻ አይደለም» ያሉት ነገር የገባኝ በ1994 ነው። አጎቴ መጋዘን ውስጥ ጆንያ የምሰፋ ልጅ ነበርኩ። ሁለት ዓመት በተከታታይ ዝናቡ ቀንቶ በቆሎ ከወለጋ፣ ከባኮ፣ ከጎጃም እንደ ጎርፍ መጣ። ዋጋው 80 በመቶ ገደማ ወደቀ። አጎቴ ሹፌሮቹን «አታምጡ፣ አራግፉት ብትሉኝም አላራግፍም» ሲላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኩንታሉ የጆንያውንና የጭነቱን ዋጋ አልሸፍን አለ። ገበሬው ማሳ ላይ ተወው፣ ምስጥና ዝንጀሮ በላው። የማዳበሪያ ዕዳው ግን አብሮ አልወደቀም። በዓመቱ ሰው ተማርሮ ማዳበሪያ ቀነሰ። ዝናቡም ቀረ። በ1995 ከ12 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ፤ ስንዴ በመርከብ ከአሜሪካ ይገባ ጀመር። አንድ ዓመት ገዢ የጠፋለት አገር በማግስቱ የሚበላው አጣ። እኛ መጋዘን ውስጥ የተረፈውን በቆሎ ያኔ አውጥተን ልንሸጥ ስንል ነቀዝ ጨርሶታል። ለአጎቴም አልሆነ።

ወንድሜ፣ አባትህ ስንዴውን የሚሸጡት ጥር ላይ ነው? እኔ የምገዛውም ጥር ላይ ነው። ምክንያቱን አንተው ታውቀዋለህ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያው ስንዴ በሌላ ዋጋ ነው የሚወጣው። ልዩነቱን ሁሉ ግን እኔ ኪስ ውስጥ አትክተተው። ኪራይ አለ፣ ኬላ አለ፣ ደላላ አለ፣ ጆንያ ውስጥ የተገኘ ድንጋይ አለ። ባለፈው ዓመት ከአንድ ጆንያ ውስጥ የወፍጮ መጅ አገኘሁ። መጅ! ቤት ወስጄ ባለቤቴ በርበሬ ትፈጭበታለች።

ነቀዝ ለሚፈራ ሰው አሁን አየር የማያስገባ ጆንያ አለ። ውስጡ ድርብ ላስቲክ ነው። አጥብቀህ ካሰርከው ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል፤ መድኃኒት አያስፈልግም። አሥር ጆንያ ግዛላቸው።


የቢልቢሎው ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የእርስዎን ጽሑፍ ምሳ ሰዓት ላይ አንብቤ ሥራ አልሠራ አለኝ። ከ23ቱ አንዱ የእናቴ ወንድም ሳይሆን አይቀርም። እሱም «የፕሮቲኑ ዓመት» የሚለው ዓመት አለው። ሁሌ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ማታ ደወልኩ። አባቴ ስልክ ሲያነሳ ይጮሃል፤ ቦቆጂ ሩቅ ስለሆነች ድምፁን መላክ ያለበት ይመስለዋል። «ለምን ጥር ላይ ትሸጣለህ?» አልኩት። «ዕዳው በጥር፣ ሠርጉ በጥር፣ ምን ልሽጥ? ጺሜን?» አለኝ። ጆንያውን ነገርኩት። «ጆንያ ዕዳ ይከፍላል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ስልኩን ወንድሜ ተቀበለው። እና የማላውቀውን ነገር ነገረኝ። ለካ አምና ከሰው የጀርባ መርጫ ተውሶ ለጎረቤቶች ፀረ አረምና የዋግ መድኃኒት ሲረጭ ከርሟል። በሄክታር ያስከፍላል። በሁለት ወር ያገኘው ብር አባቴ ከግማሽ ሄክታር ከሚተርፈው ይበልጣል። ለአባቴ አልነገረውም፤ «ለጎረቤት ሥራ ብር ትቀበላለህ?» ብሎ ያዋርደኛል ብሎ ፈርቶ ነው። ከዋናው እርሻ ይልቅ የኮምባይነር ጋራዥ ውስጥ መዋል እንደሚወድም ነገረኝ። እኔ ደግሞ ሁለት ምርጫ ብቻ ነበር የሚታየኝ፣ ማረስ ወይ መውጣት።


ጡረተኛው ልማት፦

በል እንግዲህ፣ ስለ ወንድምህ እጽፋለሁ ያልኩትን ራሱ ጻፈልኝ።

መሬቱን አትክፈሉት። ይህ የኔ ምክር ነው፣ አባትህ ቢቆጡም። ሁለት ሄክታር ለሁለት፣ ያም ደግሞ ልጅ ወልዶ ለሁለት። እኔ ሥራ ስጀምር ሁለት ሄክታር የነበራት ማሳ ጡረታ ስወጣ አራት ቦታ ታጥራ ነበር። አጥሩ ራሱ ምን ያህል መሬት እንደበላ አልነገርኩህም። ኮምባይነሩ እንኳ መዞሪያ ያጣል።

መርጫ ግዛለት። አንድ ብቻ አይደለም፣ ሁለት ግዛለት፤ አንዱ ሲበላሽ በወቅቱ ሥራ እንዳይቆም። ዋግ ሲገባ ቀን አይሰጥም፤ በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ካልተረጨ ማሳው አለቀ ማለት ነው። ግን ስማኝ፦ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ አብረህ ግዛ። ከነፋስ ፊት ቆሞ እንዳይረጭ። መርጫውን ወንዝ ውስጥ እንዳያጥብ። በባዶ እጃቸው መድኃኒት ሲበጠብጡ፣ የመድኃኒቱን ጣሳ አጥበው ውሃ ሲጠጡበት ያየኋቸው ልጆች አሉ። ይህን ለማሳመን ከማዳበሪያው በላይ ለፍቻለሁ።

በረንዳው ያለውን ደግሞ በከፊል ሥራበት። ዕዳው ጥር ላይ መከፈሉ አይቀርም፣ አባትህ ልክ ናቸው። ከ41ዱ አሥሩን ኩንታል አስቀሩ፣ ሠላሳ አንዱ ይሸጥ። የጎደለውን ዕዳ አንተ ጥር ላይ አበድራቸው፣ ነሐሴ ላይ ተቀበል። ስጦታ አታድርገው፤ ስጦታ ከሆነ ለሠርጉ ይሄዳል። አንተ ሒሳብ ሠራተኛ ነህ፣ ወረቀት አጻጽፋቸው።


ሰላም ከአራት ኪሎ፦

«ይውጣ» ስል የታየኝ አዲስ አበባ ነበር፤ ጅማቴ የሳቀብኝ በአግባቡ ነው። ከሞፈሩ ወጥቶ ከቦቆጂ ሳይወጣ የሚኖር ከሆነ እኔም የምለው ይኸው ነው። የጋራዡን ነገር ግን አትርሳው። እዚያ አገር ያለው ኮምባይነር ሲበላሽ መለዋወጫ ከየት እንደሚመጣ ጠይቀው፤ ለመመረቂያ ጽሑፌም ይጠቅመኛል።


ጅማቴ፦

ሪያድ ላለው ጓደኛዬ ይህን ላክሁለት። «መርጫ ስንት ነው?» ብሎ መለሰልኝ።


ጡረተኛው ልማት፦

አንድ ነገር ረሳሁ። አባትህ አምና 41 ኩንታል ያስገቡት በምን ዘር ነው? ስሙን ጠይቅና ጻፍልኝ። ሰፈሩ ሁሉ አንድ ዘር ከሆነ እኔ አልወደውም፤ የ2003ቱን ነግሬሃለሁ።


የቢልቢሎው ልጅ፦

ጠየቅኩት ጋሼ። «ከገበያ ገዝቼ ነው የዘራሁት፣ ማን ስሙን ጠየቀው» አለኝ።